ቀን አትቁረጪላቸው

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦ የ43 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት 11 ዓመት አገልግያለሁ። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ ጭንቅላቴን ከኋላ በመዶሻ የመቱኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሆስፒታል ነው። በአንጎሌ ሽፋን ሥር ደም ፈስሶ ነበር፤ ሐኪሞቹ በብሽሽቴ በኩል ገብተው የፈነዳውን የደም ሥር በቀጭን ሽቦ ደፈኑልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በእግሬ ሄጄ ቤቴ ገባሁ። የሚያየኝ ሁሉ ‹ፊትሽ ደህና ነው እኮ፤ ምንም አልሆንሽም› ይለኛል። እኔ ግን ገላዬን ታጥቤ ልብሴን ከለበስኩ በኋላ መተኛት አለብኝ። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተር ከፍቼ የቆየ ሒሳብ ለማየት ሞከርኩ፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ቁጥሮቹ ተደበላለቁብኝና አልቅሼ ዘጋሁት። የሕመም ፈቃዴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልቃል። አለቃዬ በየሳምንቱ እየደወለ ‹ቀኑን ብቻ ንገሪኝ› ይላል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሥራው ተከምሮበት ነው። ባለቤቴ ደግሞ ‹መተኛቱ ነው የሚያደክምሽ› ይላል። ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ የዓመት ዕረፍቴን ቆራርጬ ልውሰድ? ማታ ማታ እንቅልፍ ሲወስደኝ ሳልነቃ የምቀር ይመስለኛል። አሰልቺ አትበሉኝና አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ውኃ ሲንቆረቆር ይሰማኛል። እንደገና እየፈሰሰ ይሆን? — ፊቷ ደህና የሆነው»

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እየተኛሽ እየተነሣሽ እንደጻፍሽው እገምታለሁ፤ ስለዚህ መልሴን በአንድ ትንፋሽ አንብቢው አልልሽም። ግማሹን አንብበሽ አስቀምጪው፣ የቀረውን ነገ ትቀጥያለሽ። ዛሬ አንዲት ነገር ብቻ ይዘሽ መሄድ ከቻልሽ ግን ይህችን ያዢ፦ ሥራሽን አትልቀቂ፤ ለአለቃሽም የምትመለሺበትን ቀን አትቁረጪለት። ልትቆርጪለት የሚገባሽ ሌላ ቀን አለ፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ሐኪም እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። የምነግርሽ ሁሉ ያንቺን ምርመራ ያየው ሐኪም ከሚልሽ ቀጥሎ የሚቆም ነው። ሆኖም ይህ ሕመም በቅርብ ሰው ላይ ሲደርስ ስላየሁ፣ ከሆስፒታል ሲወጡ በወረቀት ላይ የማይጻፍልን ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ባለቤትሽም እንዲያነብበው ከሕመሙ ልጀምር። የአንጎል ደም መፍሰስ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ደሙ በራሱ በአንጎል ሥጋ ውስጥ የሚፈስበት አለ፤ የዚህኛው ዋነኛ መንሥኤ ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው። ያንቺ ሌላው ነው። ለአንጎል ደም በሚያደርሱት ቧንቧዎች ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ቧንቧው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ እንደ ፊኛ የተነፋ ስስ እብጠት ይፈጠርና አንድ ቀን ይፈነዳል፤ ደሙም አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ይሰራጫል። ሐኪሞቹ እብጠቱን ከውስጥ በፕላቲነም ሽቦ ጥቅል ሞልተው ዘጉልሽ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተጠገነው ቧንቧው ነው፤ ቤቱን ያጥለቀለቀው ገና አልተጠረገም። የፈሰሰው ደም የአንጎልን ሽፋን ይቆጠቁጣል፤ ሰውነት ቀስ እያለ በሳምንታት ውስጥ መጥጦ ያስወግደዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ የአንጎል የደም ሥሮች እየተኮማተሩ አንጎል ደም እንዳያጥረው ያሰጋል። ኒሞዲፒን የሚባለውን መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ለ21 ቀን፣ በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም እየቀሰቀሱ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ላንቺም እንደዚያ ተሰጥቶሽ ከሆነ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሌሊት እንኳ ጠግበሽ ሳትተኚ ነው ወደ ቤትሽ የገባሽው። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው።

ድካም የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ሰው ሁሉ ይደክመዋል፤ ስለዚህ «ደክሞኛል» ስትዪ የሚሰማሽ ሰው የራሱን ድካም አስቦ «እኔም እኮ» ይልሻል። ያንቺ የተለየ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ከምናቃጥለው ጉልበት ግን ወደ 20 በመቶ የሚጠጋውን ብቻውን ይወስዳል። ይህ አካል በተጎዳበት ጊዜ ድሮ ሳናስበው ይሠራው የነበረውን፣ ለምሳሌ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያወሩ የአንዱን ድምፅ ለይቶ መስማትን፣ አሁን በብርቱ ድካም ነው የሚሠራው። ከዚህ ሕመም ከተረፉት እጅግ ብዙዎቹ ይህ ድካም ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት አብሯቸው ይቆያል። ከትኩረት ማነስ፣ ከመርሳት፣ ጫጫታና ብርሃን ካለመቻል፣ በትንሽ በትልቁ ከማልቀስም ጋር አብሮ ይመጣል። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢታይም መሻሻሉ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ዘጠኝ ሳምንት ለዚህ ገና መጀመሪያው ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች፣ በተለይ የሚጥል በሽታን ለመከላከል የሚሰጡት፣ ድካሙን ሊያብሱት ስለሚችሉ የምትወስጂውን ሁሉ ጽፈሽ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ብቻ በራስሽ ውሳኔ አንዱንም አታቋርጪ።

ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያዳክማል፣ የሌሊቱንም እንቅልፍ ያበላሻል። በየቀኑ ትንሽ መራመድ፣ ሐኪም እስከፈቀደ ድረስ፣ ይጠቅምሻል። የተሳሳተው መተኛትሽን የድካሙ ምክንያት ማድረጉ ላይ ነው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮሽ ይግባ፤ ከእኔና ካንቺ ይልቅ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲነግረው ይሰማል። ባሎች እንደዚህ ናቸው፤ ሚስቶችም እንዲሁ።

አሁን ስለ ታላቅ ወንድሜ ልንገርሽ። እሱም የአንጎል ደም መፍሰስ ገጥሞት ነበር፤ እንዳንቺ በእግሩ ሄዶ ከሆስፒታል ወጣ፣ እንዳንቺ ፊቱ ደህና ነበር። አለቆቹ ቀን ጠየቁት፤ ሰባተኛውን ሳምንት ቆረጠላቸው። ለምን ሰባት? ስምንት ብዙ መስሎ ስለታየው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። በተመለሰ በሦስተኛው ቀን የሥራ ባልደረባው የቢሮው መጸዳጃ ቤት ውስጥ መብራቱን አጥፍቶ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ አገኘው። ታምሞ አልነበረም፤ ጸጥታ ፍለጋ ነው የገባው። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ቤት ተቀመጠ። ሁለተኛው ፈቃድ ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ ነበር፤ «ድኖ ተመልሶ ነበር እኮ» የሚል ቃል ይከተለው ጀመር። እኔ ቀን አትቁረጪ የምልሽ ከዚህ የተነሣ ነው።

ወደ ጥያቄሽ እንግባ። ሥራ መልቀቅ ተመልሶ የማይነሣ ፊርማ ነው። ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የሕመም ፈቃዱን፣ ካለሽም የሕክምና ሽፋኑን፣ የ11 ዓመት አገልግሎትሽን ጭምር የምትፈርሚበት ነው። አንቺ ደግሞ አሁን 20 ደቂቃ ሒሳብ ማየት ያቃተሽ ሰው ነሽ፤ በዚህ አንጎል ይህን ያህል ውሳኔ መወሰን የለብሽም። ቢያንስ ስድስት ወር እስኪሞላሽ ድረስ ጉዳዩን ከሐሳብሽ አውጪው። የዓመት ዕረፍትሽንም አትንኪው። ዕረፍት የሚወሰደው ለጤነኛ ሰው ድካም ነው፤ ሕመም የራሱ ፈቃድ አለው። አሁን ቆራርጠሽ ከጨረስሽው ወደ ሥራ ከተመለስሽ በኋላ መተንፈሻ በምትፈልጊበት ጊዜ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ።

ልመና ላይ ያለሽ አይምሰልሽ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው 158ኛው ስምምነት በ6ኛው አንቀጹ በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረት ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ27ኛው አንቀጹ በሥራ ቦታ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ይጠይቃል። ፈቃዱ ስንት ወር እንደሚሆን፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሙሉ ደመወዝ ስንቱ ግማሽ እንደሚከፈልበት የሚወስኑት ግን የአገሩ የሥራ ሕግ፣ የቅጥር ውልሽና ካለ የኅብረት ስምምነታችሁ ናቸው። እነዚህን አንቺ ቁጭ ብለሽ እንድታነቢ አልጠብቅም። ለባለቤትሽ ስጪው፤ የሚረዳሽ መንገድ ፈልጎ ካጣ ይኸው ሥራ ተገኘለት። ሦስት ነገር ያውጣልሽ፦ የፈቃዱ ጣሪያ ስንት ነው፣ ክፍያው መቼ ይቀንሳል፣ ማስረጃው በስንት ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል፤ ወረቀት ዘግይቶ በመግባቱ ብቻ የሚበላሽ ነገር አለ። የምታስገቡትን ሁሉ ቅጂ ያዙ፣ ቀኑንም ጻፉበት።

እንግዲህ ያ ሌላው ቀን። አለቃሽ ቀን የሚፈልገው ሥራውን ማቀድ ስላለበት ነው፤ ይህ ፍላጎቱ ትክክል ነው። ስለዚህ የመመለሻ ቀን ሳይሆን የመነጋገሪያ ቀን ስጪው። የሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮሽ መቼ ነው? ከእሱ በኋላ ያለውን ሳምንት ቁረጪለት። በዚያ ቀን ወይ ሌላ መነጋገሪያ ቀን ይቆረጣል ወይ የመመለሻ ዕቅድ ይጀመራል። እሱም የሚይዘው ነገር ያገኛል፣ አንቺም የማትችዪውን ቃል አትገቢም።

ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ሐኪምሽ ዘንድ ግቢ፤ ሁለት ሳምንት አለሽና ይህን ሳምንት አታሳልፊው። ሐኪሞች ችኮላ ስለሚበዛባቸው «የሦስት ሳምንት ዕረፍት ያስፈልጋታል» ብለው ይፈርማሉ። አሠሪ ይህን ሲያነብ በ22ኛው ቀን ደህና ትሆናለች ብሎ ይረዳል፤ አይፈረድበትም። አንቺ የሚያስፈልግሽ ወረቀት የምትችዪውንና የማትችዪውን የሚናገር ነው፦ በአንድ ጊዜ ስንት ደቂቃ ትኩረት እንደምትችዪ፣ በቀን ስንት ጊዜ ማረፍ እንዳለብሽ፣ ጫጫታ እንደሚጎዳሽ፣ ሁኔታሽ እንደገና የሚገመገመው መቼ እንደሆነ። ሐኪሙ ይህን ከየት ያውቃል? ካንቺ ነው። ከዛሬ ጀምረሽ በትንሽ ደብተር ላይ ጻፊ፦ ምን ሠራሽ፣ ለስንት ደቂቃ፣ በማግስቱ እንዴት ዋልሽ። ማግስቱን አትርሺ። የዚህ ድካም ክፉ ጠባዩ ዕዳውን የሚያስከፍለው በበነጋው መሆኑ ነው፤ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፣ በብድር የተገኘን ጥሩ ቀን ከነወለዱ መዝግቢው። የትኩረትና የማስታወስ ምርመራ የሚያደርግ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካለም ወደ እሱ እንዲልክሽ ጠይቂ፤ «ይደክመኛል» የሚለው ቃልሽ በውጤት ተደግፎ ይቀርባል።

በስልክ አትከራከሪ። ድንገት የሚመጣ ስልክ ላይ የደከመ አንጎል «እሺ» ይላል። በጽሑፍ አድርጊው። እንዲቀልልሽ እኔ እጀምርልሻለሁ፦

«ከሕመሜ ጋር በተያያዘ የሐኪሜን ማስረጃ አያይዤ አቅርቤያለሁ። ሁኔታዬ እየተሻሻለ ነው፤ ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ መሥራት አልችልም፤ የምመለስበትን ቀን በእርግጠኝነት መናገርም አይቻልም። የሕመም ፈቃዴ እስከሚቀጥለው የሐኪም ግምገማ ድረስ እንዲራዘምልኝ፣ ከግምገማው በኋላ ባለው ሳምንትም ተገናኝተን ቀስ በቀስ ስለምመለስበት ዕቅድ እንድንነጋገር እጠይቃለሁ። እስከዚያ ድረስ ከእኔ የሚፈለግ መረጃ ካለ በጽሑፍ ቢላክልኝ በየሳምንቱ ማክሰኞ በባለቤቴ በኩል መልስ እሰጣለሁ።»

ይቅርታ የሚል ቃል እንደሌለበት አስተውለሻል? አትጨምሪበት። ለአለቃሽ ስትልኪ ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሉም ግልባጭ አድርጊ። ማክሰኞን የመረጥኩት እንዲሁ ነው፤ ዋናው ስልኩ ሰባቱንም ቀን እንዳያስደነግጥሽ ነው።

የመመለሻው ዕቅድ ገና ሩቅ ቢሆንም አስቀድመሽ አስቢበት። ጥሩ ዕቅድ ግማሽ ቀን፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ቀኖቹ ሳይከታተሉ ይጀምራል፤ ሰኞና ሐሙስ እንበል፣ መካከሉ ማረፊያ። የሚጨመረው በየሁለት ሳምንቱ፣ ያለፈው ከተቻለ ብቻ ነው፤ ካልተቻለ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚቻል አብሮ መጻፍ አለበት። ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ደረጃ ስለሆነ ነው። መንገዱንም እንደ ሥራ ቁጠሪው፤ ግፊያ ያለበት አንድ ሰዓት ጉዞ ለአሁኑ አንጎልሽ ከሁለት ሰዓት ሥራ ይበልጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወር መዝጊያ ላይ አትግቢ። ክፍያ የምታጸድቂ ከሆነ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ሁለተኛ ሰው አብሮሽ እንዲያይ ራስሽ ጠይቂ፤ ሳይጠየቅ ቀርቶ ስሕተት ከተገኘ ሰው ሕመምሽን ሳይሆን ችሎታሽን ያማል። ስብሰባ አጭርና ጠዋት ይሁን፤ ጸጥ ያለ ጥግና ዓይን ጨፍኖ 15 ደቂቃ የሚታረፍበት ቦታ ይኑር። ስልክ እያዩ ማረፍ ዕረፍት አይደለም፤ ይህን ለራሴም ጭምር ነው የምናገረው።

ለባልደረቦችሽ የሕመሙን ታሪክ ሁሉ መናገር የለብሽም። «የአንጎል ደም መፍሰስ ነበረብኝ፤ ቶሎ ይደክመኛል፤ አንድ በአንድ አናግሩኝ» ይበቃል። ፊትሽ ደህና ነው ለሚልሽም «የታመምኩት ፊቴን አይደለም» በዪው፤ እየሳቅሽ ብትዪውም ትርጉሙ ይገባዋል።

መኪና የምትነጂ ከሆነ ሐኪም እስኪፈቅድልሽ አትንጂ፤ በብዙ አገሮች ሕጉም የራሱ ገደብ አለው። የደም ግፊትሽን አስለኪ፤ የምታጨሺ ከሆነ አቁሚ፤ ከፍ ያለ የደም ግፊትና ማጨስ እንዲህ ዓይነቱን እብጠት የሚያባብሱ ዋነኛ ጠላቶችሽ ናቸው። ለራስ ምታት ያገኘሽውን ማስታገሻ ሁሉ አትዋጪ፤ አስፕሪንና መሰሎቹ የደምን መርጋት ስለሚያውኩ መጀመሪያ ጠይቂ።

የሌሊቱ ፍርሃት ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ሞት ሳያስጠነቅቅ መጥቶ አንኳኩቶብሽ የሄደ ስለሆነ፣ ዓይንሽን በጨፈንሽ ቁጥር አእምሮሽ በሩ ላይ ዘብ ይቆማል። ከዚህ ሕመም በተረፉ ሰዎች ላይ ጭንቀትና ድባቴ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ የባሕርይ ድክመት አይደለም፣ መታከምም ይችላል። እብጠቱ በደንብ ከተዘጋ በኋላ እንደገና የመፍሰስ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ሐኪሞቹ ከወራት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በስድስተኛው ወር ገደማ፣ በምስል የሚያዩሽም ሽቦው በቦታው መቆየቱን ለማረጋገጥ ነው። የሽቦሽን ዓይነት የሚገልጽ ካርድ ተሰጥቶሽ ከሆነ ኤምአርአይ የሚባለው የማግኔት ምርመራ በታዘዘልሽ ቁጥር እሱን አሳዪ። ፍርሃቱ ሳምንታት አልፈውት ካልቀለለ ግን «ይህም አለብኝ» ብለሽ ለሐኪምሽ ተናገሪ። በሰው ፊት ማፈር ካለብሽ በሐኪም ፊት አይሁን።

ጊዜ የማይሰጠውን ደግሞ ለይተሽ እወቂ፣ ባለቤትሽም ይወቀው፦ እንደ መጀመሪያው ቀን ድንገት የሚፈነዳ ከባድ ራስ ምታት፣ ከማስመለስና ከአንገት መድረቅ ጋር፤ የአንድ ወገን መዛል ወይም የፊት መጣመም፤ የአነጋገር መደነቃቀፍ፤ መንቀጥቀጥ፤ እየባሰ የሚሄድ ድንዛዜና እንቅልፋምነት፤ እየተበላሸ የሚሄድ አካሄድ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ደብዳቤም አይጻፍም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው።

የውኃው ነገር ቀረኝ። አሰልቺ አይደለሽም፤ እንዲያውም ይህን በመጻፍሽ ከደብዳቤሽ ሁሉ ደስ ያለኝ ይኸው ነው፤ ብዙዎች እብድ እንዳይባሉ ደብቀው ይፈሩበታል። ካንቺው ዓይነት ሕመም የተረፉ ሰዎች ጭንቅላታቸው ውስጥ ውኃ ሲንቆረቆር ወይም አንዳች ነገር ሲንኮረኩራቸው እንደሚሰማቸው ደጋግመው ይናገራሉ። እንግዳ ስሜት ነው እንጂ የደም መፍሰስ ምልክት ተደርጎ አይቆጠርም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከጊዜ ጋር እየራቀ ይሄዳል። በደብተርሽ ላይ ሰዓቱን ጽፈሽ በቀጠሮሽ ቀን ንገሪያቸው። ወንድሜ «ዝናቡ መጣ» ይል ነበር፤ ከዓመት በኋላ ስጠይቀው መቼ እንዳቆመ እንኳ አላስታወሰም።